በረዶውን የላሰው ፈረስ

«ካት! ካት! ኧረ በፈጠራችሁ፣ አንገቱን ቀና አድርጉልኝ!»

ዳይሬክተሩ ይጮኻል፤ ፈረሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ሸሪፏ ኮርቻው ላይ ተፈናጥጣ ልጓሙን ወደ ላይ ትጎትታለች፣ እሱ ወደ ታች ይጎትታል። በብርድና በውሽንፍር መካከል ወንበዴ አሳድዶ መያዝ የነበረበት የጀግና ፈረስ አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ በረዶውን በምላሱ ይጠርጋል። እንዴት አይጠርግ! በረዶው ጨው ነዋ።

«በረዶ! አንቺ በረዶ! ነይና አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!»

በረዶ ማለት ከሜዳው ዳር የቆመችው ልጅ ናት። በትምህርት ቤቱ የፊልም ክበብ ሁሉም የሚጠራው በሥራው ነው። በስልኩ የሚቀርጸውና የሚያዘው ልጅ ዳይሬክተር ነው። ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ በቁመት የምትበልጠው ልጅ በከሰል ፂም ተስሎላት ሸሪፍ፣ የፊልሙ ሕግ አስከባሪ፣ ሆናለች። እሷ ደግሞ በረዶ የመሥራቱ ኃላፊነት ስለተጣለባት ስሟ በረዶ ሆኖ ቀረ። እናቷ እንኳ ሰሞኑን «በረዶ፣ ዕቃው እስኪቀልጥ ነው የምትጠብቂው? ተነሽና እጠቢ!» ማለት ጀምራለች።

የዚህ ሁሉ መነሻ እሷና ዳይሬክተሩ ናቸው። ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው፤ አንደኛ ክፍል ሳይገቡ ጀምሮ አንድ ሶፋ ላይ ተደራርበው የካውቦይ ፊልም ሲያዩ ነው ያደጉት። አቧራ የሚቦንንባቸውን ፊልሞች አይጠሉም፤ ግን አቧራ እንደሆነ በራቸው ላይ ሞልቷል፣ ምን ብርቅ ነው! በበረዶ ውስጥ የተሠሩት ናቸው ልባቸውን የወሰዱት። ምድሩ ነጭ፣ ባርኔጣው ጥቁር፤ ሰውም ፈረስም ሲተነፍስ ከአፉ ጭስ የሚወጣ፤ ተኩሱ እንኳ ታፍኖ የሚሰማ። ደግሞ ዱካው አለ። በረዶ ላይ የሚሸሽ ሰው በገዛ እግሩ እየመሰከረ ነው የሚሸሸው። እሷ በዕድሜዋ በረዶ በዓይኗ አይታ አታውቅም፣ እሱም አላየም፣ ከተማው ውስጥ ያየ ሰው ስለመኖሩም እንጃ።

ስለዚህ መሥራት ነበረባት። መጀመሪያ ወረቀት ቀደደች፤ ነፋሱ ጠርጎ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ሰቀለው። የሳሙና አረፋ ሞከረች፤ ፀሐይ በላው። ጥጥ ስታነጥፍ ደግሞ ጥጡ በሸሪፏ ቦት ጫማ ላይ እየተጠመጠመ፣ ልጅቱ በግ ላይ የቆመች መሰለች። ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ነው የዳይሬክተሩ አባት የቆዳ መጋዘን የታወሳቸው። ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ የሚነሰነስበት ሻካራ ጨው አለ፤ ጣሪያ አፍስሶበት የተበላሸው በጆንያ በጆንያ ተቆልሏል። አባትየው «ገላገላችሁኝ፣ ውሰዱት!» አሉ። ሲበትኑት ታዲያ የእውነት በረዶ! ሲረግጡት ቅርች ቅርች ይላል፣ ዱካ ይይዛል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። በረዶ ያን ዕለት በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት።

ፈረስ ጨው እንደሚወድ ግን አንዳቸውም አላሰቡትም።

የፈረሱ ባለቤት ባለጋሪው ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ? ይኸው ጣፈጠለታ! እኔንስ ድግስ መሀል አስቀምጣችሁ ቀና በል ብትሉኝ እሰማችኋለሁ?» ዕንባውን ጠርጎ ልጓሙን ከሸሪፏ እጅ ተቀበለ። «ለዛሬ ይበቃዋል፣ ሆዴን አመመኝ እንዳይል። እኔም የምጭነው ዕቃ ይጠብቀኛል። ነገ በጠዋት አጥግቤ አመጣላችኋለሁ።»

ፈረሱ እየተጎተተም አንዴ ዞሮ ላሰና ሄደ።

«በቃ፣ የመጨረሻዋን ትዕይንት ነገ እንጨርሳለን» አለ ዳይሬክተሩ። «ጨው እንዳለ ይደር። ማንም እንዳይረግጠው! ሰኞ ፊልሙን ለውድድሩ ካላስገባን አለቀልን።»

በረዶ እጇን ልትታጠብ በግቢው በር አጠገብ ወዳለው ቧንቧ ሄደች። የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የውሃ ማጠጫ አፍ ይጠግናሉ። የፊልሙ ሜዳ የእሳቸው መደብ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ችካል ተተክሎ ክር የተወጠረበት ባዶ የሚመስል መሬት። ባዶ ግን አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ግቢውን እየዞሩ፣ ከየደረቀው አበባ ላይ ዘር እያራገፉ በጨርቅ ቋጥረው ያቆዩትን ነው ባለፈው ሳምንት የዘሩበት።

«የኔ ልጅ፣ ወረቀቱን ስትለቅሙ ክሮቼን እንዳትበጥሱብኝ አደራ» አሏት። «ሰማዩን አየሽው? ዛሬ ከጣለልኝ በሳምንቱ ብቅ ብቅ ይላሉ።»

«ወረቀቱን?»

«ጓደኛሽ ነገረኝ እኮ። ‹ወረቀት ነው የምንበትነው፣ ጠርገን እናስረክብዎታለን› አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው።»

በረዶ ቀዝቅዛ ቀረች፤ ስሟን መሰለች። ጨው እንበትን የተባለ ቀን «ጋሼን ጠይቀሃቸዋል?» ብላው ነበር። «ጠይቄያቸዋለሁ፣ ችግር የለም ብለውኛል» ነበር መልሱ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«እሺ ጋሼ» አለች። እሺ ማለቷ አናደዳት።

እናቷ ትዝ አለቻት። በጓሯቸው ድንጋይ ንጣፍ መሀል አረም ሲበቅል፣ እናቷ ጨው በጥብጣ ታፈስበታለች። «ጨው የጠጣ መሬት መካን ነው» ትላለች ሁሌም። እዚያ ቦታ ላይ ስንት ክረምት አልፎ አንድ ቅጠል ብቅ ብሎ አያውቅም። ይኼን እያወቀች በገዛ እጇ በተነችው! ሐሳቧ ሁሉ ነጭ ሆኖ በመታየቱ ላይ ስለነበር፣ ከሥሩ ያለውን መሬት ረስታው ነበር።

ሮጣ ተመለሰች።

«ወረቀት ነው ብለሃቸዋል!»

ዳይሬክተሩ ስልኩን ካሰረበት እንጨት ላይ እየፈታ ነበር። «መጀመሪያ ወረቀት ነበራ። ከዚያ ተቀየረ። ሄጄ እንደገና ብጠይቃቸው እምቢ ይሉ ነበር።»

«ለዚህ ነዋ የሚጠየቀው!»

«አቦ አታካብጂ! ነገ ቀርጸን ስንጨርስ ሙልጭ አድርገን እናነሳዋለን።»

ከተራራው በኩል ሰማዩ አጉረመረመ። ሸሪፏን ጨምሮ ሦስቱም ቀና አሉ። ደመናው የከሰል ጆንያ መስሏል።

«ዝናቡን ነገ ና በለዋ» አለች በረዶ። «ጨው እኮ ነው። ከሟሟ ማን ያነሳዋል?»

«ፊልሙስ?» አለ ዳይሬክተሩ። «አንቺም እኮ ሕልምሽ ነው! መጨረሻ ላይ ስምሽ ትልቅ ሆኖ ሲወጣ አይታይሽም?»

ይታያታል። ስንት ማታ ዓይኗን ጨፍና አይታዋለች፤ በጥቁሩ ላይ በነጭ ፊደል፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ። በእሱ ተናደደች፤ ሕልሙን የቀማት ደመናውም እሱም መሰላት። ቢሆንም እግሯ ቀድሟት ወደ መሣሪያ ቤቱ ሄዷል። አካፋና መጥረጊያ ይዛ ተመለሰች፣ ካንዱ ጥግ ጀመረች።

«በረዶ፣ ተይ እንጂ!»

አልተወችም። አፈሩን እንዳትነካ አካፋውን አጋድማ፣ ላይ ላዩን እየገፈፈች ትሰበስባለች። ጨው ከባድ ነው፤ ሲበትኑት ቀላል ይመስል የነበረው ሲለቅሙት እርሳስ ሆነ። ሸሪፏ ጥቂት ቆማ አየቻት፣ ከዚያ የእንጨት ሽጉጧን ከወገቧ ፈትታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና መጥረጊያውን አነሳች።

«ሕግ አስከባሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ!» አለች። ፂሟ በላብ እየወረደ አገጯ ደርሷል።

ዳይሬክተሩ እጁን አጣጥፎ ቆየ። ወደ ሰማይ ያያል፣ ወደ እነሱ ያያል። በኋላ ስልኩን አወጣ። «እሺ፣ ስታነሱ ልቅረጽ? ክረምቱ አለፈ፣ በረዶው ሄደ ብለን መጨረሻ እናደርገዋለን።»

«መጀመሪያ ጆንያ ያዝ» አለችው።

ያዘ። ሲሞላ አሰረ፣ ሌላ አመጣ። የበረዶ መዳፍ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ጨው ገባበት። ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች፤ ዕንባዋ ቢመጣም እጇ ሥራውን አልለቀቀም።

ሁሉም ተነሳ፣ ከአንድ ጥግ በስተቀር። ፈረሱ ቆሞ የላሰበት ቦታ በምራቁ ረጥቧል፣ ጨውም በኮቴው ተረግጦ አፈሩ ውስጥ ሰምጧል። በረዶ ተንበርክካ በጣቷ ጫረችው። ጨውና አፈር ተለውሶ ወጣ፣ በመሀሉ ጥቃቅን ጥቋቁር ፍሬዎች። ዘሮቹ ናቸው። ልትለያቸው ሞከረች፤ የጨው ፍሬ ይዛ ስታነሳ ዘሩም አብሮ ይነሳል።

ዳይሬክተሩ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ አየ። «በቃ፣ አለቀ። የተዘራ ሁሉ አይበቅልም እኮ። ይቺ ጥግ ባትወጣ ወፍ ለቀማት ይላሉ፣ ምንም አያውቁም።»

እውነቱን ነው፤ አያውቁም። ጋሼ በሳምንቱ መጥተው፣ ባዶዋን ጥግ አይተው፣ በወፎቹ ላይ ይቆጣሉ። ምናልባትም ሌላ ዘር ፍለጋ ግቢውን እንደገና ይዞራሉ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት። በረዶ ያንን ጭብጥ አፈር በመዳፏ ይዛ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለ ዳይሬክተሩ፤ የት እንደሆነ ግን ገብቶታል። ፊቱ ቀላ። «ስሜን ልትጠሪ ነው?»

«ጨውን የበተንኩት እኔ ነኝ፤ እሱን እነግራቸዋለሁ። ያንተን አንተ ታውቃለህ።»

ጥላው ሄደች። የመጀመሪያዋ ጠብታ አንገቷ ላይ አረፈች፣ ሁለተኛዋ አፍንጫዋ ላይ። እጇን እንዳይረጥብ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ ጨው ቁስሏን ሲያቃጥላት ይበልጥ ጨበጠችው።

አትክልተኛው ዝናቡን ለመቀበል ብለው ከክፍላቸው ወጥተው ቆመዋል። ሲያይዋት ፊታቸው በራ።

«አየሽልኝ የኔ ልጅ? መጣልን!»

በረዶ ፊታቸው ቆመች፣ ትንፋሿን ሰበሰበችና መዳፏን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ወረቀት አልነበረም።»