ዘይቱኑ ላይ የተንጠለጠለው ድምፅ

ኪዲ የግቢውን በር ገፋ አድርጋ እንደገባች ባለችበት ቀጥ አለች። አባቷ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዱካ በርጩማ ላይ ቆመው፣ አሮጌዎቹን ሲዲዎች በክር እያሰሩ ዘይቱኑ ዛፍ ላይ ያንጠለጥላሉ። የከሰዓቱ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ግቢው ሁሉ ብልጭ ድርግም ይላል።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ወፉ ዘይቱኑን ጨረሰውኮ ልጄ። ከመጣል ይሻላል ብየ ነው።» ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው፤ ጉሮሯቸውን ታመው ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ወዲህ ከዚህ በላይ አይወጣም። «ዜማው ቢቀር ብልጭታው ወፍ ያባርር።»

መቀለዳቸው ነበር። ኪዲ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሲዲዎቹ ላይ ያለው የእሳቸው ድምፅ ነው። ጤነኛ ሳሉ ያዜሙትን ድጓ ተማሪዎቻቸው ቀድተው ያስቀሩላቸው። የቤቱ ማጫወቻ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ጠጋኙም «መለዋወጫ የለውም፣ ዘመኑ የፍላሽ ነው» ብሎ መልሶታል። ከደቅ ደሴት የመጣው ተማሪያቸው ኃይለ ገብርኤል ግን ዜማውን ገና አልጨረሰም። ስለዚህ መሪጌታ በቀደም ሲዲዎቹን በፌስታል ጠቅልለው «ወደ ፍላሽ አስገልብጭልኝ፤ ልጁ በስልኩ እየሰማ ይማር» ብለው ለኪዲ ሰጧት።

ኪዲም ወደ ክፍል ጓደኛዋ ወደ ሀኒ ቤት ወሰደቻቸው። የሀኒ አባት የፋብሪካ መሐንዲስ ነው፤ የቤታቸው ላፕቶፕ አዲስና ስስ፣ ሲዲ ማስገቢያ እንኳ የሌለው።

«ሲዲ? ኧረ ኪዲ! ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ?» ሀኒ በሳቅ ፈረሰች። «የየትኛው ፋራ ነው ደግሞ?»

ክፉ ሳቅ አልነበረም። ቢሆንም የኪዲ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«የጎረቤት ሽማግሌ ናቸው የሰጡኝ።»

«አባዬ ቢሮ የሲዲ ማንበቢያ አለ። ላስመጣልሽ?»

«ተይው ባክሽ፤ ቆሻሻ ነው።»

ቆሻሻ አለችው፣ የአባቷን ድምፅ! ቤት ስትመለስ ደግሞ ዓይናቸውን ሳታይ «ተበላሽተዋል አሉኝ» አለቻቸው። መሪጌታ «ድምፄን ተከትለው ሄዱ በይኛ» ብለው ፌስታሉን ተቀበሏት። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር አልጠየቋትም። ልጃቸው አትዋሻቸውማ!

«ያችን ክር አቀብይኝማ» አሏት አሁን።

አቀበለቻቸው።

«ኃይለ ገብርኤልም እሁድ በጀልባ ወደ ደሴቱ ይሻገራል» አሉ እየቋጠሩ። «ዜማ በእጅ ምልክት አይማሩት፤ ሌላ መምህር ፈልግ ብየ አሰናበትሁት።»

ነፋስ ከሐይቁ በኩል መጣና ሲዲዎቹ እርስ በርስ ተጋጩ። አንዱ በቅርንጫፉ ሲፋቅ ኪዲ ጥርሷን ነከሰች።

«አባባ፣ ይተዉት። አልተበላሹም።»

«ምን አልሽ?»

«ማንም አልሞከራቸውም። ሀኒ ስትስቅ… እኔ አፈርሁ።»

መሪጌታ ዱካውን በእግራቸው እየፈለጉ ቀስ ብለው ወረዱ። «ሲዲው ስላረጀ ነው ያፈርሽ?»

አዎ ብትል ይቀላት ነበር። ነገር ግን አንድ ውሸት ያመጣባት ጣጣ ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል።

«በእርስዎ ነው ያፈርሁ» አለች። እንባዋ ቀደማት።

አልተቆጧትም። ቢቆጧት ምንኛ በተሻላት! ክሩን በጣታቸው ጠቅልለው ፈቱት፣ ደግመው ጠቅልለው ፈቱት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ሄደው ተቀመጡ።

ኪዲ ዱካው ላይ ወጣች። ሲዲዎቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ በዩኒፎርሟ ጫፍ አቧራቸውን ጠረገች። የተፋቀው ሲዲ ጀርባው ተጭሯል። ይህኛው ይሰማ አይሰማ እንጃ።

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ሀኒ፣ ያ ያልሽኝ ማንበቢያ አሁንም አባትሽ ቢሮ አለ? እሁድ ሳይደርስ እፈልገዋለሁ።»

«ለነዚያ ሲዲዎች? ቆሻሻ ነው አላልሽም እንዴ? ለመሆኑ ሽማግሌው ማናቸው?»

ኪዲ ወደ ደጃፉ ዞረች። አባቷ አቀርቅረዋል፤ ግን እየሰሙ ነው።

«አባቴ ናቸው» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ።