አንሶላውን ማን ጨመቀው

እኔ ጂኒ፣ ጋኔን፣ የቀትር መንፈስ ምናምን የሚባለውን ወሬ ሰምቼ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ በማታ ትምህርት ስለሆነ «መሃይም ነው፣ ያየ መስሎት ነው» የምትሉ ካላችሁ ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ሳልማርም አላምንም ነበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ የወፍጮ ቤት ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ነኝ፣ ሞተር ደግሞ መብራት ካለው ይዞራል፣ ከሌለው ይቆማል፣ ሌላ ነገር የለውም።

ባለቤቴ አስካለ የሁለት ፔንሲዮን አንሶላ በእጇ ታጥብ ነበር። ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ላይ አብጠው ብርጭቆ እንኳ ስታነሳ ዕንባዋ ይመጣ ጀመር፣ ሐኪሙ «እጅሽን ከውሃ ካላራቅሽ ጣቶችሽ እንደታጠፉ ይቀራሉ» አላት፣ እንግዲህ አጣቢን ከውሃ ራቂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ከቀፊራ ገበያ ያገለገለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በጋሪ አስጭኜ አመጣሁላት። ምን ዋጋ አለው፣ የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ሲመጣ ይንጠባጠባል፣ ሲሄድ ኖራውን ትቶ ይሄዳል፣ ማሽኑ ለመሙላት ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ውሃውን ለብ እንኳ ሳያደርግ እድፉን አገላብጦ ይመልስልሃል። ስለዚህ ፈታሁት። በርሜል ከፍ አድርጌ ሰቅዬ ወፍራም ጎማ አወረድኩለት፣ ኖራ የበላውን ማሞቂያ ጥዬ ከትልቅ የውሃ ማሞቂያ የነቀልኩትን ገጠምኩለት፣ የሞተሩን ፑሊ በትልቅ ቀየርኩና ከበሮውን የሚያዞረውን ቺንጋ አጠበቅኩ፣ እመኑኝ፣ ሲሽከረከር ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አንሶላው ግማሽ ደርቆ ነው የሚወጣው። እጣቢውንም ሰው እንዳይሸከም ብዬ፣ የጓሮውን አጥር በስቼ ወደ ደቻቱ ወንዝ በሚወርደው ቦይ በራሱ እንዲደፋ አደረግኩት።

ያኔ ነው ጎረቤታችን አዴ ሙሚና ቦዩ ማዶ ቆማ የጮኸችብኝ።

«ዋሪያ! የፈላ ውሃ በቀትር ያለ ቢስሚላህ ትደፋለህ እንዴ? ከስር ሰው አለ እኮ!»

«የምን ሰው? አይጥ ነው ያለው።»

«እነሱም ልጆች አሏቸው አቦ! አስካለ እንኳ ‹በስመ አብ› ሳትል፣ ትንሽ ሳትጠብቅ ደፍታ አታውቅም።»

«ታዲያ ማሽኑን ክርስትና ላስነሳው ወይስ ላስሰልመው?»

ሳቀች፣ ወላሂ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና «አንተማ ምን አለብህ» ብላ ገባች።

እውነቷን ነው፣ ይህ ልማድ እኛ ሰፈር የክርስቲያኑም የእስላሙም ነው፣ ትኩስ ውሃ የሚደፋ ሰው ስም ጠርቶ፣ ዘወር እንዲሉ ጊዜ ሰጥቶ ነው የሚደፋው። ማሽን ስም አይጠራም።

ይህን በተባባልን በሦስተኛው ቀን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ የሚዘጋበት ሰዓት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ማሽኑ አንሶላ እንደጎረሰ ቆሟል፣ አስካለ ውስጥ ተኝታለች፣ እኔ የበሩ ደፍ ላይ ሰሌን አንጥፌ ተጋድሜያለሁ፣ ቤቱ ሌላ በር የለውም፣ እኔን ሳይረግጥ ድመት እንኳ አይወጣም። መጀመሪያ የሰማሁት ውሃ ሲንቦጫረቅ ነው። በርሜሉ እያፈሰሰ ነው ብዬ ጎኔን ገለበጥኩ። ቀጥሎ ልብስ በእጅ ሲታሽ የሚያሰማው ድምፅ፣ ታውቁት የለ፣ ጭቅ ጭቅ የሚለው፣ ከዚያ ፋታ፣ ከዚያ የደከማት ሴት ትንፋሽ የመሰለ ነገር። ተነስቼ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ማንም የለም። ሶኬቱ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ መብራት ሲመጣ እንዳያቃጥለው ብዬ የነቀልኩት ራሴ ነኝ፣ የማሽኑ ከበሮ ግን ይዞራል፣ በቀስታ፣ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ፣ ቦዩ ላይ ደግሞ እንፋሎት ቆሟል። እጄን ሳሳርፍበት ቀጥ አለ።

ከፈትኩት። አንሶላዎቹ አንድ በአንድ እንደ ገመድ ተጠምዝዘዋል። ስሙኝ፣ ማሽን አንሶላ ያቆላልፋል፣ ያወሳስባል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስተካክሎ አይጠመዝዝም፣ እንዲህ የሚሆነው ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ሲጨምቀው ብቻ ነው።

ሮጬ ገባሁ። አስካለ እንደተኛች ናት፣ ፍራሹ ደረቅ፣ ወለሉ ደረቅ፣ ሁለት እጆቿ ግን እስከ ክርኗ ርሰው የሳሙና አረፋ ይዘዋል፣ የጣቶቿ ጫፍ ስታጥብ እንደዋለች ሁሉ ተጨማዶ ነጥቷል። ቀሰቀስኳት።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«እጅሽ!»

አየችው። ጣቶቿን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ጨበጠች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

«አያመኝም» አለች። «ኧረ አንተ፣ ምንም አያመኝም!» ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፣ እራት እስኪሠራ ድረስ። ድስቱን ያለ ጨርቅ ከከሰል ላይ አነሳችው፣ ቆዳዋ ሲሸት የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ በመርፌ ወጋጋት፣ አልተሰማትም፣ «ነርቭ ነው» አለ፣ ምን ይበል። ማሽኑን ፈታትቼ ለቆራሌው ሰጠሁት፣ አዴ ሙሚና ዱዓ አደረገች፣ እኛም ጸበል ሄድን፣ የተለወጠ ነገር የለም።

አስካለ ወደ ሳፋዋ ተመልሳለች። የሦስተኛ ፔንሲዮን አንሶላ ጨምራለች፣ ከእሳት የወረደ ውሃ ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ትነክራለች፣ ቆዳው ይላጣል፣ ሁለት ጥፍሯ ወድቋል፣ ልይዛት ስሞክር «አያመኝም እኮ፣ አንተን ምን አመመህ?» ብላ ትስቅብኛለች። ያን ሁሉ የፈታሁትና የገጠምኩት እጇን እንዳያማት ብዬ ነበር። አሁን እንዲያማት እለምናለሁ፣ በየቀኑ እለምናለሁ፣ ማንን እንደምለምን ግን አላውቅም።