ፀሐይ ያየ ፕላስተር

«በይ ንቀይውና እንገላገል» አሉ አባባ ወልደተንሣኤ፣ የቆሰለ ክንዳቸውን ለልጅ ልጃቸው ዘርግተው።

ሥርጉት ፕላስተሩን ለመንካት ፈራች። ባለፈው ሳምንት ተራውን ፕላስተር ስትነቅል ቆዳቸው አብሮ ተነስቶ ነበር። የሽማግሌ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት፤ ያለቀሰችው እሷ ናት።

የዛሬው ግን ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ያከመቻቸው ነርስ ምሥራቅ ስትለጥፈው «አዲስ ነገር ነው» ብላ ነበር። «ጥቁሩን ሽፋን አንሺና ፀሐይ አሳዪው። ብርሃን ሲያገኝ ሙጫው ራሱ ይለቃል።»

አባባ ቁስላቸውን ለፀሐይ ሊሰጡ? እንዴት ተደርጎ! ምች ይመታኛል ብለው ከቆሰሉ ጀምሮ መስኮት እንኳ አያስከፍቱም።

ታላቅ ወንድሟ እሱባለው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «አታካብጂ ባክሽ። ዓይናቸው እንደሆነ ደክሟል። ቀስ ብለሽ ክፈቺው፤ ማን ይነግራቸዋል?»

እውነቱን ነው፣ ማንም አይነግራቸውም። ሥርጉት መስኮቱን ያዘች። የአንኮበር ጉም ተገፎ በስንጥቁ ብርሃን ይገባል። ዞር ስትል አባባ ክንዳቸውን እንደዘረጉ ናቸው። እንደዚያ አምነዋታል።

እጇን ከመስኮቱ አነሳች።

«አባባ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ይኼ ነገር ያለ ፀሐይ አይለቅም። ቁስሉ ላይ ፋሻ አለ፤ ብርሃን የሚያገኘው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። እምቢ ካሉ ግን አልከፍትም።»

እሱባለው ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ምች ቢመታኝስ?»

«ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣዎታለሁ።»

ፈገግ አሉ። «ክፈቺው እንግዲህ።»

ከፈተችው። ጥቁሩን ሽፋን ስታነሳ ፀሐይዋ ክንዳቸው ላይ አረፈች። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ያ ሙጭጭ ብሎ የነበረ ፕላስተር ዳሩ ብድግ አለ። በጣቷ ጫፍ ብትነካው ዝም ብሎ መጣላት፤ አንዲት ፀጉር እንኳ አልነቀለም። ሥርጉት ዓይኗን ማመን አቃታት። የሆነ ቦታ ያለ፣ የማታውቀው ሰው ቁጭ ብሎ ስለ አያቷ ቆዳ ያሰበ መሰላት። እሱባለው እንኳ አንገቱን አስግጎ አፉን ከፍቶ ቀረ።

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ትከሻቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ።

«በይ ጀምሪ ልጄ፤ እችለዋለሁ» አሉ።

«አልቋል፣ አባባ» አለችና ፕላስተሩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።