የሦስት መቶ ዓመት ጓደኛሞች

ሶክጁ ታብሌቱ ላይ ያለውን ርዕስ ሦስት ጊዜ አነበበው። ሦስቴም ያው ነው፤ «ከሞት በኋላም ያልተቋረጠ የሥራ ባልደረቦች ታማኝነት» ይላል።

«ይኼን ማነው የጻፈው?»

«እኔ» አለች ሚሬ። «የቡድኑ መሪ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«እኔ ፍቅረኛሞች ብዬ ነው የሰጠሁሽ።»

«ቲቸር ናም ናት ቀይሩት ያለችን። የምዘናውን ቅጽም ጠዋት እንደዚያው አስገብቼዋለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?»

ሥራው የቋንቋ ክፍለ ጊዜ የቡድን ምዘና ነው፤ አንድ ድራማ መርጦ ተንትኖ በክፍሉ ፊት ማቅረብ። የእነሱ ድራማ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ተዋደው ስለተለያዩ ሁለት ወንዶች ነው። ዳግም ተወልደው ሴኡል ውስጥ በአንድ የኑድል ኩባንያ ይገናኛሉ፤ አንዱ የክፍል ኃላፊ፣ ሌላው አዲስ ተቀጣሪ ሆኖ። ኃላፊው ሁሉን ያስታውሳል፣ ተቀጣሪው ምንም አያስታውስም። ሶክጁ አሥራ ሁለቱንም ክፍል ሁለት ሁለት ጊዜ አይቶ አራት ገጽ ጽፏል። ሚሬ ያወጣችው አንዲት ቃል ብቻ ነው። ግን ቃሏ ስትወጣ ኃላፊው በየስብሰባው መሀል ለምን እንደሚያለቅስ እንኳ የሚያውቅ የለም።

«እኔን ከጠየቃችሁኝ» አለ ሦስተኛው የቡድኑ አባል ቦምሱ፣ እርጎውን በስትሮ እየመጠጠ፣ «ሶክጁ ሦስት ቀን ቢጠፋ አልፈልገውም። ሦስት መቶ ዓመት የሚፈላለግ ጓደኛ የት ነው ያለው?»

«ባክህ ሙድ አትያዝ» አለችው ሚሬ። «ቲቸር መዝገባችን ላይ የምትጽፈው ከቅጹ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ማን እንደሚያነበው ታውቃለህ? የአባቴ እኩዮች።»

እዚህ ትምህርት ቤት መምህሩ መዝገብ ላይ የሚያሰፍራትን አንቀጽ ረቂቅ የሚያዘጋጀው ተማሪው ራሱ ነው። ሁሉም ስለ ራሱ የሚዋሸው እዚያች አንቀጽ ላይ ነው። ስለ ሌላ ሰው ፍቅር መዋሸት ግን ለሶክጁ አዲስ ነገር ሆነበት። ተነስቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ የሚናገረውን አሰላው፤ በሳይንስ ክፍል ያያችሁትን ጻፉ ትሉናላችሁ፣ እዚህ ሲሆን ያላየነውን ጻፉ ትሉናላችሁ።

መምህርት ናም ምሳ በልተው የጥርስ ብሩሻቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ የመምህራን ክፍሉ በር ላይ አገኛቸው።

«ቲቸር፣ ፍቅረኛሞች የሚለውን ለምን አስቀየሩን?»

«እኔ?» ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው ቅጹን አወጡና አነበቡት። «ሌላ ድራማ ያያችሁ መስሎኝ ነበር እኮ። አሥራ አንደኛው ክፍል ላይ ባሌ ምን ሆንሽ እስኪለኝ ድረስ ነው ያለቀስኩት። ለሥራ ባልደረባ እንደዚያ አላለቅስም። ማነው አስቀየረችን ያላችሁ?»

ሶክጁ ደረጃው ላይ ያሰላው ንግግር በሙሉ ከንቱ ቀረ። የከለከለ የለም። ማንም ያላወጣውን ሕግ ነበር ሲያከብሩ የዋሉት። «ሚሬ» ለማለት አፉን ከፈተ። ከቅጹ ግርጌ በሚሬ እጅ የተጻፈች መስመር ታየችው፤ «ቡድኗን በሐቀኝነት መርታለች።» ስሟን ከጠራ ያቺ መስመር ዛሬውኑ ትሰረዛለች። ሚሬ ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ ጓደኛው ናት።

«እኔ ነኝ... በደንብ ያልገባኝ» አለ።

መምህርት ናም ትንሽ አዩትና ባዶ ቅጽ ሰጡት። «ከአምስተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት ሦስታችሁም ፈርማችሁ አምጡ። ያልተስማማ ካለ ለየብቻ አምጡት፣ ለየብቻ አርመዋለሁ።»

ሚሬ ኮሪደሩ ላይ ከቦምሱ ጋር ትጠብቀው ነበር።

«ቲቸር ቀይሩት አላለችም» አላት።

ፊቷ ቀላ። «ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

«እኔ ያዳንኩት አንተንም ጭምር ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በሰው ሁሉ የሚያሾፈው የእነ ግዩሆ ጠረጴዛ ምን እንደሚልህ ታውቃለህ? እስክንመረቅ ያቺ ቃል ናት ቅጽል ስምህ የምትሆነው።»

«አድኚኝ ብዬሻለሁ?»

«አላልክም። ግን ፈርተህ ነበር። ቃሏን ስትጽፍ ሁለት ጊዜ አጥፍተሃታል፤ አጠገብህ ነበርኩ እኮ።»

እውነቷን ነው። ይበልጥ ያናደደውም እሱ ነው። ፍርሃቱን ከእጁ ወስዳ፣ በመምህርቷ ስም አስፈርማ የመለሰችለት መሰለው።

ቅጹን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቶ ጻፈ። ፍቅረኛሞች የሚለው ላይ ሲደርስ አላቆመም። ፈረመ። ቦምሱ ሳያነበው ፈረመና «በመጨረሻ ተጋቡ ወይስ ከሥራ ተባረሩ?» አለ። የሳቀለት የለም።

ሶክጁ እስክሪብቶውን ለሚሬ ዘረጋላት። «ሰባት ደቂቃ አለን። ካልፈረምሽ ለብቻዬ እሰጣለሁ። ቲቸር ለምን ብላ ከጠየቀችኝ ሁለተኛ ያልገባኝ እኔ ነኝ አልልም።»

ሚሬ እስክሪብቶውን አልተቀበለችም። አልሄደችምም። ሶክጁ እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አስቀምጦላት ወደ ክፍል ገባ።

የእነ ግዩሆ ጠረጴዛ ሞልቷል፤ ይሳሳቃሉ። ታብሌቱን ከፍቶ የመጀመሪያውን ገጽ አወጣ፤ ርዕሱን አስተካከለ። ከሥሩ «አቅራቢ፦ ሚሬ» ይላል። አጠፋውና የራሱን ስም ጻፈበት።