ሙሉ ነው የተባለው ገንዳ

ሟቹ በሳሙና ፋብሪካው የእሳት ማጥፊያ ውሃ ገንዳ ወለል ላይ፣ አናቱ ተፈንክቶ፣ በባዶ እግሩ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎ ተዘርሯል። ጫማው ከላይ፣ ከገንዳው አፍ አጠገብ፣ ካልሲው ውስጡ ተወትፎ በወጉ ተቀምጧል። ገንዳው ግን ጠብታ ውሃ የለውም፤ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል።

መርማሪዋ በመሰላሉ ወርዳ ወለሉን በመዳፏ ዳሰሰችው። ቀልቧ አልረጋም፤ ትወጣና ጫማውን ታያለች፣ ደግሞ ተመልሳ ትወርዳለች። አለቃዋ በስልክ ይነዘንዛታል፤ «አደጋ ነው ብለሽ ዝጊውና ነይ።» እንዲህ በጥድፊያ የሚጻፍ ሪፖርት ያንገሸግሻታል።

ሟቹ የመረጃ ተቆጣጣሪ ነበር። ቁጥር ባመጡለት ቁጥር «እርግጠኛ ነህ?» ስለሚል፣ ስሙ ቀርቶ «እርግጠኛ ነህ» ይሉታል። በሩ ላይ የተቀመጠችው እህቱ መርማሪዋን የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በገዛ ዝርክርክነቱ ሞተ ብለው እንዳይጽፉብኝ። ወንድሜ ሳያጣራ እግሩን አያነሳም።»

ገንዳው ወዳለበት ጓሮ የሚያስገባ ቁልፍ ያላቸው ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የፓምፕ ሠራተኛው፣ ሪፖርት አዘጋጇና ሥራ አስኪያጁ። መርማሪዋ ከፓምፕ ሠራተኛው ጀመረች፤ ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ገንዳው ደርቆ ለምን ዝም አልክ አለኝ። ኧረ እኔ ተናግሬ ታክቶኛል! ሪፖርት አዘጋጇን ይጠይቋት።»

አዘጋጇ አቀረቀረች። «ነግሮኛል። ግን ሥራ አስኪያጁ መጥፎ ነገር ሲያዩ ይጮኹብናል። የምርቱን ቁጥር እንኳ ራሳቸው ከፍ አድርገው ነው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚልኩት፤ ሟቹም ደርሶበት ነበር። እኔም ሙሉ ነው እያልኩ አሳለፍኩት።»

«እሳት ቢነሳስ?»

«እሱን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው አልወጣም ነበር። «ሬሳ ማየት አልችልም» አለ። «የውሃውን ልክ ሊያይ ገብቶ ሰጥሞ ነዋ። ምስኪን፣ ዋና እንኳ አይችልም።»

መርማሪዋ ሌሎቹን ሁለቱን እዚያው አስጠራቻቸው።

«ሟቹ ገንዳው ደረቅ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ትናንት የተጣላው በዚሁ ነው። ታዲያ ጫማውን ለምን ያወልቃል? አላወለቀም። አናቱን መትቶ የጣለው ሰው ነው ያወለቀለት፤ ሰጠመ እንዲባል። ፓምፕ ሠራተኛው ውሃ እንደሌለ ያውቃል፣ አዘጋጇም ታውቃለች። ውሃ አለ ብሎ ያመነው ሦስተኛው ባለቁልፍ ነው።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«ያጋነኑትን የምርት ቁጥር ዛሬ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሊያጋልጥብዎት ነበር። በጨለማ ስለጣሉት ወለሉን አላዩም፤ ማሽኑም እየጮኸ ስለነበር ውሃ ላይ አለመውደቁን ከድምፁ አልለዩም። እርስዎ የበላዮችዎን ሲሸነግሉ፣ የበታችዎ እርስዎን ይሸነግላል ብለው አላሰቡም።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ አመድ መሰለ። አዘጋጇ ላይ አፈጠጠ።

«ሙሉ ነው አላልሽኝም?»

መርማሪዋ በሩ ጋ ስትደርስ ስልኳ እየጮኸ ነበር፤ አላነሳችውም። ለእህቲቱ ሁሉንም ነገረቻት። እህቲቱ እንባዋን በእጇ ጠርጋ ቀና አለች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ፣ እህቴ። ወርጄ በእጄ ነክቼዋለሁ።»