የጥጉ ዞኮሎ

«አፍነህ ገደልኸው! የቀበሌ ውሻ!»

«ስማኝ እንጂ አዘዘ! መተንፈሻ ሠራሁለት እንጂ መች—»

«የታል መተንፈሻው? ድፍን አይደለም?»

አዘዘ መዶሻውን አላስቀመጠም። ጠዋት ከሐሙሲት በአውቶቡስ ተመልሶ የጓዳውን ግድግዳ ቢያንኳኳ መልስ አጣ፤ ያፈረሰው በዚሁ መዶሻ ነው። የኮሌጅ ተማሪው የልጁ የቢያዝን ሬሳ አሁን መኝታ ቤት ውስጥ በጋቢ ተሸፍኖ ተጋድሟል።

በሁለቱ መካከል የቆሙት የሟቹ የክርስትና አባት፣ በጡረታ የተገለሉት የፖሊስ መርማሪ ወልደ ገብርኤል፣ የአዘዘን ክንድ ያዙ።

«ድምፅህን ቀንስ። የአብዮት ጠባቂዎቹ ከሰሙ ሬሳውንም አይሰጡህ። ገዳዩን ፈልግልኝ ብለህ አስጠርተኸኛል፤ ተወኝ ልጠይቅ።»

«ይጠይቁት። እሱ ከሆነ ግን ከዚህ ቤት በእግሩ አይወጣም።»

የሚጮህበት አስማማው የአዘዘ ሚስት ወንድም ነው፤ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይሠራል። እህቱ የሺአረግ ከግድግዳው ግርጌ የተነቀለውን የእንጨት ጠርዝ፣ ዞኮሎውን፣ ጭኗ ላይ አጋድማ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ለቅሶዋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና ይዛዋለች።

ወጣቶች ከየቤቱ እየታፈሱ በየመንገዱ የሚጣሉበት ዓመት ነበር። ቢያዝን መፈለጉ ሲሰማ አዘዘና አስማማው የሳሎኑን ጥግ በክብ ግድግዳ ዘግተው ከኋላው ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ቦታ አበጁ። መግቢያው በጓዳ በኩል ነው፤ አዘዘ ለሥራ ወደ ሐሙሲት ሲሄድ ለልጁ ዳቦና ውሃ ትቶ በጭቃ ለስኖት ነበር። ለየሺአረግ ግን ልጇ በታንኳ ወደ ዘጌ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን መሻገሩ፣ ክቡ ግድግዳም ለቤቱ ማሳመሪያ መሆኑ ነው የተነገራት። አንድ ጊዜ ወስደው መርምረዋታል፤ ፊቷ ምስጢር አይችልም።

ወልደ ገብርኤል ወደ አስማማው ዞሩ። «ዞኮሎውን ለምን በምስማር መታኸው?»

«ከግርጌ ለአየር የተውናቸው ቀዳዳዎች ዓይን ይስባሉ፣ ጋሼ። ፍተሻ እንደሚመጣ ቢሮ ሰማሁ። እንጨት ደግሞ ለክብ ግድግዳ እሺ አይልም። ጀርባውን በመጋዝ ደጋግሜ በጣሁት፤ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አጠፍሁት። ብጣቶቹን ሆን ብዬ አጠለቅኋቸው፣ አየሩ ከላይ ጠርዙ በእነሱ እንዲገባ። ጥርሱ የወላለቀ ሽማግሌ መስሎ ነበር።»

«ብጣቶቹን በስቱኮ አልደፈንሃቸውም?»

«እንዴት ብዬ!»

መርማሪው መኝታ ቤት ገቡ። የልጁ ጥፍሮች አልተሰበሩም። የሸሚዙ እጅጌ ግን በጥርስ ተነክሶ ተበስቷል። ከመደበቂያው አብሮት የወጣውን ኩራዝ አነሥተው ወዘወዙት፤ ጋዝ አለው። ተመልሰው ከየሺአረግ አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«እህቴ፣ ትናንት ማን መጣ?»

«ጠባቂዎቹ። ከምሳ በኋላ መጥተው ፈተሹ፤ ምንም አጡ። እስኪመሽ ድረስ እዚሁ ካርታ ሲጫወቱ ዋሉ። አንዱ ይህን ግድግዳ ተደግፎ ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ብቻዬን ነበርሁ። ቤት ሳሰናዳ።»

ዞኮሎውን ከጭኗ አንሥተው በሰንጢ ጫፍ አንዱን ብጣት ፈለፈሉ። የወጣው ነገር ቢጫ ነው፤ በጣታቸው መካከል ለሰለሰ፤ ማር ማር ይሸታል። ሲስቡት ቀጭን ነጭ ፈትል ተከትሎት መጣ።

ከዚያ ሁሉም እንዲቀመጡ አደረጉ።

«ልጁን ማንም አልመታውም። ኩራዙ ጋዝ እያለው ጠፍቷል፤ ያለቀው አየሩ ነው። አልጮኸም፤ ጠባቂዎቹ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበሩ። ቢጮህ እናቱን ይወስዷታል። እጅጌውን ነክሶ ዝም አለ።»

አዘዘ አቃሰተ።

«አስማማው ሊገድለው ቢፈልግ ብጣቶቹን ለማጥለቅ ባልደከመ፤ ለጠባቂዎቹ አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ጠባቂዎቹም ቢያውቁ አፍርሰው ይወስዱታል እንጂ ካርታ አይጫወቱም። እንግዲህ የደፈነው ሰው ከግድግዳው ኋላ ሰው መኖሩን የማያውቅ ነው። የደፈነበትም ስቱኮ አይደለም፤ ሰም ነው። ውስጡ ፈትል አለው። የጧፍ…»

ሽማግሌው ቃላቸውን ዋጡ። ዘግይተው ነበር።

አዘዘ ፈትሉን አየ። የሺአረግ ልጇ በሰላም እንዲሻገር ተስላ ጧፍ ስታበራ መክረሟን ያውቃል፤ ቁራጮቹን ለበረከት ወደ ቤት ታመጣቸው ነበር። መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሳልሄድ በፊት እኔ ደፈንሁት። ሳላስብ።»

ወልደ ገብርኤል ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሸት ሲያሳድዱ ኖረዋል። «እንደዚያ ከሆነ እንደዚያ ነው» አሉ።

«አንተ እንዴት…» ብሎ ጀመረ አስማማው፤ የአዘዘን ዓይን ሲያይ ተወው።

«ሲመለስ ቤቱ እንዲያምረው ብዬ ነው» አለች የሺአረግ፤ ማንንም አላየችም። «በመዳፌ እያሞቅሁ አንድ ባንድ ሞላሁት። እያንጎራጎርሁ ነበር። ሰምቶኛል፣ አይደል?»

አዘዘ አጠገቧ ተንበርክኮ ትከሻዋን ያዘ።

ቀኑ እየሄደ ነው። ጠባቂዎቹ ሳይመለሱ ልጁ መቀበር አለበት፤ እዚህ ደግሞ እንኳን መቅበር ማልቀስም አይቻልም። አስማማው ዘጌ የሚያሻግር ባለ ታንኳ ያውቃል። በሰሌን ጠቅልለን እንደ ቡና ጭነት እናሳልፈው አለ። ወልደ ገብርኤል ወደቡ ላይ ፍተሻ እንዳለ ነገሩት፤ በሐይቁ ዳር ባለው ሸምበቆ በኩል ይሻላል። አዘዘ ሰሌኑ የት እንዳለ ጠፍቶበት ቆመ።

የሺአረግ ተነሥታ በጓዳው በኩል ወጣች፤ ሰሌኑን ይዛ ተመለሰች።

«ከራስጌው ማን ይይዛል?» አለ አስማማው።

«እኔ» አለ አዘዘ።