የግራጫው ፒክአፕ ጭነት

ነፍሰ ጡር እህታችሁ ምጥ ሲይዛት የምትጫንበትን መኪና እናንተ ራሳችሁ ሳትተኙበት ትመርጣላችሁ? መልሱ እስቲ። ሳትተኙበት?

ጸደንያ አልመረጠችም። ሞጣ ከተማ፣ አንድ ሻይ ቤት ፊት ለፊት በቆመው ግራጫ ፒክአፕ ጭነት ላይ ወጥታ በጀርባዋ የተጋደመችው ለዚሁ ነበር። መንገደኛው ዞር እያለ ያያታል። አንድ የባጃጅ ሹፌር «እሷም ለሽያጭ ናት?» ብሎ እየሳቀ አለፈ። የኋላው መዝጊያ እግሯን አላስዘረጋ ስላላት ጉልበቷን አጥፋለች። እሱንስ ቀድሞም ጠርጥራ ነበር። ያልጠረጠረችው ሌላ ነገር ነው። ከሥሯ ያለው ጆንያ ሰመጠ።

ስንዴ እንዲህ አይሰምጥም። አሁን፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት፣ ነጩ ፒክአፕ ላይ ስትጋደም ጆንያዎቹ ጀርባዋን እንደ ድንጋይ ነበር የቆረቆሯት። ይኼኛው ግን እንደ ፍራሽ አቀፋት። በክርኗ ጫን አለችው፤ ተንኮሻኮሸ። ተነስታ በጉልበቷ ተንበረከከችና በስፌቱ መሃል ጣቷን ከትታ ሳበች። ወጣ። ቢጫ፣ ደረቅ፣ ቀላል። የጤፍ ጭድ ነበር።

ሌላውን ጆንያ ሞከረች። ጭድ። ከሥሩ ያለውን ሞከረች። እሱም ጭድ።

ጸደንያ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ብቸና የምትማረው አጎቷ ጋሼ ቢያድግልኝ ቤት ተቀምጣ ነው። የተወለደችው ግን ዝግባ ነው፤ ከብቸና ወጣ ብሎ ቁልቁለት ላይ ያለ የገጠር መንደር። ወደ ዝግባ የሚመጣ አምቡላንስ አስፋልቱ ዳር ደርሶ ይቆማል። ከዚያ በታች ያለው መንገድ ክረምት ሲገባ ጭቃ ብቻ ስለሆነ ታማሚ የሚወጣው በቃሬዛ፣ በወንዶች ትከሻ ነው። ባለፈው ክረምት ወይንእሸት የምትባል ጎረቤታቸው ምጥ ላይ እያለች ቃሬዛው ዳገቱን ሳይጨርስ አረፈች። ከቀብሯ መልስ የመንደሩ እድር ፒክአፕ ለመግዛት ወሰነ። በሬውን የሸጠ አለ። ከተማ የገቡት የመንደሩ ልጆችም አዋጡ።

ከዚያ ወዲህ ዝግባ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። በቅሎ እንኳ ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎች ስለ ሞተር ጉልበት ተጣሉ። ለግዢ የቀረቡት ሁለት ያገለገሉ መኪኖች ነበሩ። ነጩ ባለ አንድ ጋቢና ነው፤ ከፊት ሹፌሩንና ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል፤ የጭነት ቦታው ግን ረጅም ነው። ግራጫው ደብል ጋቢና ነው፤ ከሹፌሩ ኋላ ለስላሳ ወንበር አለው፣ መስኮቱ በቁልፍ ይወርዳል፣ የጭነት ቦታው አጭር ነው። ግማሹ ነጩን አለ፤ ግማሹ ግራጫውን። ክርክሩ አላልቅ ሲል የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ቢያድግልኝ ሁሉም ደስ ያለው ሐሳብ አመጡ። ሁለቱም እኩል ስንዴ ይጫኑና ከብቸና ሞጣ ይሂዱ፤ ዳገቱን የቻለው ይገዛል።

ስንዴው የተጫነው ከእሳቸው መጋዘን ነው። ብቸና ላይ የሕንፃ ዕቃና እህል ይነግዳሉ። ደግ ሰው ናቸው። ለጸደንያ ደብተርና ጫማ የሚገዙላት እሳቸው፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የሚመጡላት እሳቸው። ጉዞውን በስልክ ቀርጻ ለመንደሩ የቴሌግራም ግሩፕ እንድታሳይና እሑድ እድሩ ፊት እንድትመሰክር የመረጧትም እሳቸው ናቸው። «የእኔ ልጅ አትዋሽም» ብለው ነበር ለሽማግሌዎቹ።

ጠዋት ደብረ ወርቅን እንዳለፉ ባለው ዳገት ላይ ነጩ አቃሰተ፣ ጭስ ተፋ፣ ዘገመ። ግራጫው ጥሩምባ እየነፋ አለፈው። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ሽማግሌዎች በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡ። ነጩ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን የነበሩት የእድሩ ዳኛ መሪጌታ ገብረ ማርያም ፊታቸው ጠቆረ። ጸደንያም ከአጠገባቸው ሆና ቀረጸች። አጨበጨበችም። ለጭድ አጨበጨበች!

አሁን ጭዱን በጭብጧ ይዛ ሌባውን እየፈለገች ነበር። ደላላው ይሆናል። ሹፌሩም ሊሆን ይችላል። ጋሼ ቢያድግልኝ ሲሰሙ ምን ያህል እንደሚቆጡ አሰበች፤ ሰውዬውን አንገቱን አንቀው እዚሁ መንገድ ላይ ያዋርዱታል። ሽማግሌዎቹ ገና ሻይ ላይ ነበሩ። አጎቷ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ብቻቸውን ወጡ።

«ጋሼ፣ ይኼ ጭድ ነው» አለቻቸው ከላይ ሆና።

ስንጥሩን ከአፋቸው አወጡ። «አውቃለሁ። ውረጂ።»

አልወረደችም። መውረድ አቃታት። ይህን ቃል ከማንም ልትሰማ ትችል ነበር፤ ከእሳቸው ግን አልጠበቀችም። እሳቸው ራሳቸው ደግፈው አወረዷት፣ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ጭድ በእጃቸው አራገፉላት፣ እንደ ሁልጊዜው።

አልካዱም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያስረዷት ጀመር። የነጩ ጉልበት እንደሚበልጥ ያውቃሉ። ግን የዝግባ ሽማግሌ ዞን ለአቤቱታ ሲሄድ እስከ መቼ እንደ በግ ከኋላ ተጭኖ፣ አቧራ ለብሶ ይግባ? መንደሩ እንደ ሰው መታየት አለበት። በሽተኛም ቢሆን ጣራ ሥር፣ ለስላሳ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ይህን በስብሰባ ቢናገሩ ገበሬው ጉልበት፣ ጉልበት እያለ አይሰማቸውም። ስለዚህ ጉልበቱን አሳዩት።

«ምጥ የያዛት ሴት ትቀመጣለች?» አለች ጸደንያ።

«ከኋላ ትተኛለቻ።»

«ተኝቼ አየሁት። እግር አይዘረጋም።»

ስንጥሩን ጣሉት። ከዚያ በእርጋታ፣ ልክ ምሳ በላሽ ወይ ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ «ሰኞ ፈተና አለብሽ አይደል?» አሏት። «እሱን አስቢ። እኔ ቤት የጎደለብሽ ነገር የለም። ለከርሞም እንዳይጎድልብሽ ነው የምፈልገው።»

ስድብ ቢሆን፣ ቁጣ ቢሆን በቀለላት። ሰውየው ግን እየመከሯት ነበር።

ወደ ብቸና ሲመለሱ ከመሪጌታ ጎን ተቀምጣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የሚያስደነግጣት ሐሳብ አንድ ብቻ አልነበረም። ግራጫው ነጩን የቀደመው ባዶ በሚባል ጭነት ነው። ሐምሌ ላይ፣ በዝግባ ጭቃ፣ እውነተኛ ሰው ተጭኖበት ምን ሊሆን ነው?

ሐምሌ ላይ ደግሞ ሰገነት ትወልዳለች። ሰገነት ታላቅ እህቷ ናት፤ ዝግባ ነው ያገባችው። የወይንእሸትን ቃሬዛ ተከትለው ከሄዱት ሴቶች አንዷ ስለነበረች ሆዷ በገፋ ቁጥር እንቅልፏ እየቀነሰ መጥቷል። ጸደንያ ባለፈው ሳምንት ቃል ገብታላታለች፦ «ሁለቱም ላይ እኔ ራሴ ተኝቼ እነግርሻለሁ። ቁመታችን አንድ አይደል?»

አመሻሽ ላይ ሊድያን የሒሳብ ደብተሯን አልጋው ላይ ዘርግታ አገኘቻት። ሊድያ የጋሼ ቢያድግልኝ ልጅ ናት። ከጸደንያ ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ አልጋ ይተኛሉ፣ አንድ ቻርጀር ይሻማሉ።

«ሐሙስ ዕለት መጋዘኑ የነቀዝ መድኃኒት ተረጭቷል፣ እንዳትገቢ ያልሽኝ ውሸት ነበር» አለቻት ጸደንያ።

ሊድያ እስክሪብቶዋን ነክሳ ቆየች። «አባዬ ነው በያት ያለኝ።»

«ጆንያውን ስትሞሉ አብረሽ ነበርሽ?»

«አፉን ያዥልኝ አለኝ፤ ያዝኩ። ምን ልበለው? አታካብጂው እንግዲህ ጸዲ። መኪና እኮ ነው። የትኛውም ቢሆን ይሄዳል።»

«ሰገነት ናት የምትጫንበት።»

ሊድያ ደብተሯን ዘጋች። ቀስ ብላ፣ እንባ በያዘው ድምፅ፣ ነገ ብትናገሪ አባዬ ዝግባ ተመልሶ መግባት አይችልም አለቻት። ያሳደገው ሰው ሁሉ ፊት ይነሳዋል። «አንቺም እዚህ አትኖሪም። እኔስ ከማን ጋር ነው የማጠናው?»

ስልኩ ጠራ። ሰገነት ነበረች።

«ተኛሽባቸው?»

«ተኛሁ።»

«የቱ ነው የሚመቸው?»

ጸደንያ ሊድያን አየቻት። ሊድያም እሷን። «ግራጫው ለስላሳ ነው» አለች ጸደንያ።

ከስልኩ ማዶ ረጅም እፎይታ ተሰማ። ሰገነት እግዜር ይስጥሽ አለቻት፣ ዛሬስ እንቅልፍ ይወስደኛል ብላ ሳቀች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጸደንያ እጇን እያየች ቀረች። የተናገረችው ቃል በሙሉ እውነት ነበር። ለስላሳ ነው። አጎቷም ያደረጉት ይህንኑ አይደል? ጆንያ አሳዩ፤ ጆንያ ነበር። ዳገት አሳዩ፤ ዳገት ነበር። በእውነት ቃል መዋሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር፤ ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ዝግባ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጠ። የዝግባ እድር ሥርዓት አለው። ዳኛው ውሳኔውን ከተናገሩ በኋላ «የሚቃወም አለ?» ብለው ሦስት ጊዜ ይጠራሉ። ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ ነገሩን ያነሳ ይቀጣል። ከሦስተኛው በፊት የተጠየቀ ሰው ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቆሞ ሳይመልስ ስብሰባው አይበተንም።

ሽማግሌዎቹ ስለ ግራጫው ተራ በተራ መሰከሩ። እንዴት እንዳለፈው፣ ወንበሩ እንዴት እንቅልፍ እንደሚያመጣ። ነጩን ሲደግፉ የነበሩት አንገታቸውን ደፉ፤ አንዱ ቀልደኛ «ነጩን ለማረሻ እንግዛው» ብሎ አሳቃቸው። መሪጌታ ተነሱ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ልባቸው ነጩ ላይ ነበር። ቢሆንም ዳኛ ናቸውና ግራጫው እንዲገዛ መወሰኑን ተናገሩ።

«የሚቃወም አለ?»

አንድም እጅ አልተነሳም።

«የሚቃወም አለ?»

ጋሼ ቢያድግልኝ ፈገግ ብለው እጃቸውን አነሱ። ከሦስተኛው ጥሪ በፊት ምስክራችን ትናገር፣ ቪዲዮውንም ሕዝቡ ይየው፣ በኋላ ሐሜት እንዳይኖር አሉ። ከዚያ ወደ ጸደንያ ዞሩ። «ነይ ልጄ። ያየሽውን ንገሪያቸው።»

እንደማትናገር እርግጠኛ ነበሩ። ዓይናቸው ውስጥ ጥርጣሬ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ታዝንላቸው ነበር።

ጸደንያ ስልኳን ይዛ ወደ መሃል ገባች። ቪዲዮው ተከፍቶ ጣቷን ብቻ ይጠብቃል። ሊድያ ከዛፉ ግንድ ተጠግታ መሬት መሬት ታያለች። ከሴቶቹ መሃል ሰገነት አንድ እጇን ከሆዷ በታች አድርጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ዘርግታለች፤ ጸደንያን ግራጫው ላይ እንዳቃታት ሳይሆን፣ ሙሉ ለሙሉ።

ስልኩን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው።

«መሪጌታ፣ ሦስተኛውን ከመጥራትዎ በፊት እኔ የምጠይቀው አለ» አለች።

ከኋላ አንድ ሰው ልጅ በእድር አይጠይቅም ብሎ አጉረመረመ። መሪጌታ ሳይዞሩ «በምስክርነት ጠርተናታል፤ ትጠይቅ» አሉ። ጉርምርምታው ቆመ። ጋሼ ቢያድግልኝ ፈገግታቸው ገና አልጠፋም ነበር፤ ፊታቸው ላይ ተረስቶ የቀረ ይመስላል።

ጸደንያ ወደ እሳቸው ዞረች። የመጀመሪያው ቃል ተንቀጠቀጠባት፤ የቀረው አልተንቀጠቀጠም።

«ጋሼ፣ ትናንት ግራጫው ላይ ያስጫኑት ምን ነበር? ለእኔ ሞጣ ላይ ነግረውኛል። አሁን ይነሱና ለእነሱ ይንገሯቸው።»